የቦዩ አራተኛ ባለድርሻ

ሐጅ ኢሳ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተከራያቸው ሉጥፊያ ያን ያህል ባልተናደደች፤ ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሐጅ ኢሳ ግን ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በሩ ፊት በተጋደመችው ሳንቃ ላይ እየተንገዳገዱ ተሻገሩና፣ መጀመሪያ ስለ ሴቶቹ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ እናቶቻቸው ጤና፣ ከዚያም ስለ አገራቸው ዝናብ ጠይቀው ሲያበቁ «መዓሌሽ»፣ ይቅርታ፣ ብለው ጀመሩ። ካርቱም ውስጥ «መዓሌሽ» ተብሎ የተጀመረ ነገር በደግ አልቆ አያውቅም። እስከ ሳምንት ዓርብ የደጃፉ ቦይ ካልተደፈነ ቁልፉን ይረከባሉ። በሩን በጡብ ያስደፍኑታል። ክፍሏም የማሽላ መጋዘን ትሆናለች።

ክፍሏ ጀሪፍ ውስጥ ናት፤ ከአስፋልቱ ዳር፣ በሯ በቀጥታ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ሌላ መውጫ የሌላት። አሥራ አንድ ሴቶች በጋራ ተከራይተዋታል። አሥራ አንዱም አል-ማንሺያ ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ስድስት ቀን በሰው ቤት ይሠራሉ፣ በሰው ቤት ያድራሉ፣ ዓርብ ዕረፍታቸው ሲደርስ ወደዚች ይመጣሉ። ምን ሊያደርጉ ቢባል፣ ምንም። ለእነሱ በዚያ ሰፊ ከተማ ውስጥ ምንም ማድረግ የሚቻልበት ሌላ ቤት የለም። ማንም ስማቸውን ሳይጠራ እስከ እኩለ ቀን ይተኛሉ፤ እግራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የእመቤቶቻቸውን አረማመድ እያወሩ ይስቃሉ፤ አንዷ ብታለቅስ ሌላዋ ለምን አትላትም። ከወሎ የመጡት ይሰግዳሉ፣ ክርስቲያኖቹ ይጾማሉ፣ በራሔል ስልክ የሚከፈተውን ዘፈን በተመለከተ ግን የሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው።

ቁልፉ የሚያድረው ሉጥፊያ አንገት ላይ ነው። የወሎዋ የሃርቡ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ፤ ቶሎ የምትናደድና ንዴቷ ቶሎ የማይበርድ።

ከአራት ወር በፊት አንድ የስልክ ኩባንያ፣ በካርቱም አፍ ሸሪካ የሚሉት፣ ኢንተርኔት አሳልፋለሁ ብሎ ደጃፉን ቆፈረ። ቦዩ ከበሩ ደፍ አንድ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ጥልቀቱ ሉጥፊያን እስከ ደረቷ ይውጣታል። በሁለት ሳምንት ቧንቧው ተዘረጋ። ሊደፈን አፈሩ ላይ አካፋ በተነሣበት ቀን ግን ከላይ አዲስ ደንብ ወረደ፤ የሕዝብ መንገድ ከእንግዲህ አንዴ ብቻ ይቆፈራል፤ ገመድ ማሳለፍ የሚፈልግ የስልክ ሸሪካ ሁሉ በዚያው ቦይ ያሳልፍ፤ ወጪውንም ይጋራ።

ደንቡ ደግ ደንብ ነበር፤ ይህን ሉጥፊያም አልካደችም። በዚያ ከተማ አንዱ ሸሪካ ቆፍሮ በደፈነ ማግስት ሌላው መጥቶ እንደገና ሲዘረግፈው፣ ሦስተኛው የሁለተኛው ላብ እንኳ ሳይደርቅ ሲመጣ ስንት ጊዜ አይታለች። «አላህ ይስጣቸው፤ አንድ አዋቂ ተገኘ ማለት ነው» ብላ ነበር። ችግሩ አዋቂው «ይጋሩ» አለ እንጂ እንዴት እንደሚጋሩ አልተናገረም። ስለዚህ ቆፋሪውና ገመድ ሊያሳልፉ የመጡት ሌሎች ሁለት ሸሪካዎች እስኪስማሙ ቦዩ ክፍት ይቆይ ተባለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል የአገሬ ሰው፤ ሦስት ሸሪካ ሲያብር ደግሞ አንድ ጉድጓድ ይጠብቃል።

በአራት ወር ውስጥ ሁለት ፍየል ገባበት። ክረምቱ መጣና ውሃው እስከ በሩ ደፍ ደረሰ። የራሔል ቁርጭምጭሚት ወለቀና የአሠሪዎቿን ደረጃ ሁለት ሳምንት በአንድ እግሯ እየዘለለች ጠረገች። ሴቶቹ ሳንቃ ገዝተው ጣሉበት። ያን ጊዜ የሰፈሩ አስተዳደር ነቃ። አራት ወር ሙሉ ቦዩን ያላየ ዓይን ሳንቃዋን በአንድ ቀን አያትና ለሐጅ ኢሳ ደብዳቤ ጻፈ፤ ያለ ፈቃድ በሕዝብ መንገድ ላይ የተሠራ ድልድይ ስላለ ይነሣ፣ አለበለዚያ ቅጣት ይከተላል። ጉድጓዱ ሕጋዊ ነው። ሕገወጧ ሳንቃዋ ናት። ሳንቃዋ ከተነሣች ደግሞ ከቤት መውጣት የሚችል ክንፍ ያለው ብቻ ነው፤ ሐጅ ኢሳም በሰባ ዓመታቸው ከመንግሥት ጋር መካሰስ አልፈለጉም።

እንግዲህ ሐጅ ኢሳ የሳምንት ጊዜ የሰጡት ነገር ይህ ነው።

ሉጥፊያ የምትሠራው ኡስታዝ ተውፊቅ የሚባል ጠበቃ ቤት ነው። ስድስት ዓመት ሠርታለታለች። ይህ ኡስታዝ ተውፊቅ ደግሞ፣ የአላህ ሥራ ሆነና፣ ሦስቱ ሸሪካዎች የጀሪፉን ቦይ ወጪ እንዲያካፍላቸው የመረጡት አስታራቂ ነው። ስብሰባው የሚካሄደው በእሱ ሳሎን፣ ሻዩ የሚፈላው በእሷ እጅ። ሦስቱን ሰዎች በስማቸው አታውቃቸውም፤ የምታውቃቸው በብርጭቋቸው ነው። ቦዩን የቆፈረው ሸሪካ ሰው ስኳር አያስነካም፤ «ያለ ስኳር» አለችው። ሁለተኛው ሦስት አስጨምሮ አራተኛውን በገዛ እጁ ይደግማል፤ እሱ «ሦስት ማንኪያ» ሆነ። ሦስተኛው ሻይ ሆዴን ይነፋኛል ይልና ከርከዴ ያስፈላል፤ «ከርከዴ» ተባለ።

ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ለሰባተኛ ጊዜ ተሰበሰቡ። ሉጥፊያ ትሪውን ይዛ ስትገባ ክርክሩ ባለፈው ያቆመበት ላይ ነበር፤ ላለፉት ስድስት ስብሰባዎችም እዚያው ነበር። ያለ ስኳር ሁሉም እኩል በሦስት ይካፈል ይላል፤ ቁፋሮውም፣ ፈቃዱም፣ ፈቃዱን ለማግኘት የተበላው ምሳም ሳይቀር። ሦስት ማንኪያ በውፍረት ይሁን ይላል፤ የእኔ ገመድ ጣት ታክላለች፣ የእናንተ ክንድ ነው፣ ስለምን እኩል እከፍላለሁ። ከርከዴ ደግሞ ገመዱ ገና ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ በመጪው ዓመት ለምገባበት ጉድጓድ የዘንድሮውን አቧራ አልከፍልም ባይ ነው። ኡስታዝ ተውፊቅ የሁሉንም ሐሳብ እያደነቀ ይጽፋል። ለእሱ የሚከፈለው በስብሰባ ቁጥር ስለሆነ አንዱንም አላጣደፈም።

ሉጥፊያ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች። ልማዷ ተመልሳ መውጣት ነው። ያን ቀን ግን ዓርብ እየቀረበ ነበርና እግሯ እምቢ አለ። ራሔል በአንድ እግሯ ስትዘል ታያት። የማሽላው ጆንያ ፍራሻቸው በነበረበት ቦታ ተከምሮ ታያት።

«ያ ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልናገር?» አለች።

ኡስታዝ ተውፊቅ ስኳር ያለቀ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ስለ ክፍሏ ጀመረች። ቦዩ በማን ደጅ እንደሚያልፍ፣ አሥራ አንድ ሆነው እንዴት እንደሚኖሩ፣ ራሔል ከሁሉ በኋላ ስትመጣ ፍራሹም ማራገቢያውም ቀድሞ ተገዝቶ እንደነበረ ነገረቻቸው። የአዲስ ፍራሽ ዋጋ አላስከፈሏትም፤ በነጻም አልሰጧትም። አሥሩም ፍራሹ ላይ ተቀመጡ፤ ምን ያህል እንደሰመጠ አዩ፤ ይህን ያህል ዕድሜ ቀርቶታል ተባባሉ፤ የቀረውን ለአሥራ አንድ አካፈሉት። በአንድ ዓርብ አለቀ።

ሦስት ማንኪያ ሳቀና ወፍራሟም እንደ ቀጭኗ ነው ወይ የምትከፍለው ብሎ ጠየቃት።

«በሩ የተሠራው ለሁላችንም አንዴ ነው» አለች። «ወፍራም ስለሆንሽ ብለን ሁለት በር አልሠራንም።»

«ገና ያልመጣችስ?» አለ ከርከዴ።

«በመጣች ቀን ትከፍላለች። እስክትመጣ ብለን ግን በሩን ነቅለን አልጠበቅናትም።»

«አሥራ አንድ ሴት በአንድ ክፍል!» አለ ሦስት ማንኪያ። «ተጣልታችሁ አታውቁም?»

«በየዓርቡ እንጣላለን። ፍራሹ ግን ተገዝቷል።»

ያለ ስኳር ብርጭቆውን አስቀመጠ። ኡስታዝ ተውፊቅ ከስድስት ስብሰባ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶውን በእውነት ያዘ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሉጥፊያ ዛሬም ድረስ የምትኮራበት ነበር።

ነገር ግን በሃርቡ መዋጮ ሲቆም የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ቤት የተቃጠለበትን ሰው ሊያቋቁሙ ወይም የፈረሰ ድልድይ ሊያሠሩ ተሰብስበው ሁሉም እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አንዱ ያንዱን ፊት ሲያይ፣ ከመካከላቸው ድኻው ብድግ ይላል። ያለችውን ፍራንክ ይጥልና «ይኸው የኔ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ባለ በሬው፣ ባለ ሱቁ፣ ባለ ወፍጮው ምን ፊት አለው? እጁ ሳይወድ ይወጣል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ሲከሽፍም ሉጥፊያ አይታ አታውቅም። አባቷ ይህን አድርጎ መስጊድ አስጨርሷል።

የሻርፗን ጫፍ ፈታች። የሺህ ጊኔ ኖት ነበረች፤ አራት ታጥፋ በላብ የወረዛች። ትሪው ላይ፣ በስኳሩ ዕቃ አጠገብ ጣለቻት።

«ይኸው የኛ» አለች። «ሳንቃችን በቦያችሁ ላይ ናትና ይህ የሴቶቹ ነው። በሉ አሁን እናንተም አውጡ።»

ያፈረ የለም። ሉጥፊያ አንገታቸውን እስኪደፉ ጠበቀች፤ እነሱ ግን ቀና አሉ። የሦስቱም ፊት ባንዴ በራ፤ አራት ወር ሙሉ ሲፈልጉት የነበረ ዘመድ በገዛ እግሩ የመጣላቸው መሰሉ። ያለ ስኳር ኖቷን አነሣ፣ ዘረጋት፣ ሐሰተኛ እንዳትሆን ወደ መስኮቱ ይዞ አያት፣ ከዚያ ከቦርሳው የደረሰኝ ጥራዝ አወጣ። ረጋ ብሎ ጻፈ፣ ማኅተም መታበት፣ በሁለት እጁ አክብሮ ሰጣት። ኡስታዝ ተውፊቅ አላህ ይባርክሽ ብሎ መረቃትና ሻይ እንድትደግማቸው አዘዘ። ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ ስታለቀልቅ ታንጎራጉር ነበር። እንዳፈሩ፣ ግን ወንዶች ስለሆኑ እፍረታቸውን በወረቀት እንደሸፈኑት ነበር የገባት።

ሐሙስ ማታ ኡስታዝ ተውፊቅ ስምምነቱ ተፈረመ ብሎ አንድ ፖስታ ሰጣት። ለጓደኞችሽ ነው አላት።

ሉጥፊያ የቁርአን ቤት ልጅ ናት፤ ፊደሉን ትለየዋለች። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤት ዓረብኛ ሌላ ነገር ነው፤ ቃሉን ብታነበውም አይናገርም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ሐጅ ኢሳ ቁልፉን ሊረከቡ ሳንቃዋን ሲሻገሩ፣ በኩራት ፖስታውን ዘረጋችላቸው። ሴቶቹ ከበቧቸው። ሐጅ ኢሳ መነጽራቸውን ጠርገው ማንበብ ጀመሩ፤ ገጹ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ያ በናት» አሉ፤ ልጆቼ ማለታቸው ነው፤ «እናንተኮ ሸሪካ ሆናችኋል።»

ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነበር። የጀሪፉን ቦይ የሚጠቀሙት አራት ወገኖች ናቸው። አራተኛው ወገን፣ በሳንቃ የሚገለገሉት የክፍሏ ነዋሪዎች፣ ተጠቃሚነታቸውን በፈቃዳቸው አምነው የመጀመሪያውን ክፍያ ፈጽመዋል፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ስለዚህ ወጪው፣ ቁፋሮውም ፈቃዱም ምሳውም፣ እኩል ለአራት ይካፈላል። ምንዳዬ የክፍሏ ጸሐፊ ናት፤ ካርቱም አሥራ አራት ዓመት የኖረች፣ ሒሳብ በጣቷ የምታሰላ። የአንድ ወገን ድርሻ ስንት እንደሆነ ሰማችና ዝም ብላ አሰላች። የአሥራ አንዳቸው የሦስት ዓመት ደመወዝ ነበር። በስልሳ ቀን ካልከፈሉ ከቤቱ ባለቤት ይጠየቃል ይላል፤ ሐጅ ኢሳን ደፉ ላይ ያስቀመጣቸው ይህ ነው።

ከዚያ የሆነውን ጫጫታ ጀሪፍ ሁሉ ሰምቶታል። አንዷ የእናቷን ስም እየጠራች ታለቅሳለች፤ አንዷ በእኛ ስም ማን ክፈይ አለሽ ትላለች፤ ሌላዋ ሻንጣዋን መሸከፍ ጀምራለች። ራሔል ለእኛ ብላ ነው እያለች ልትገላግል ሞከረች፣ ሰሚ አላገኘችም። ምንዳዬ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እሷ ስትናደድ ትለዝባለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ እቴ» አለቻት። «ኩባንያ ነሽ። በይ ሲም ካርድ አዙሪልን።»

«ይኸው የኔ ስላቸው ያፍራሉ ብዬ ነው» አለች ሉጥፊያ።

«መዋጮ የሚያፍር ሰው ባለበት ነው። ለማያፍር ሰው ይኸው የኔ ካልሽው፣ ይኸው የኔ ይልሻል፣ ኪስሽን እያየ።»

ይህ ሉጥፊያን ከስድቡ ሁሉ በላይ አቃጠላት፤ እውነት ስለነበረ። የተናደደችው በምንዳዬ አልነበረም። በሦስቱ ብርጭቆዎችም ብቻ አልነበረም። ስድስት ዓመት ጫማውን በጠረገችለት ሰው ነው፤ ዓረብኛው እንደማይገባት እያወቀ ፖስታውን ፈገግ ብሎ በሰጣት። ያችን ፈገግታ አሁን ነው ያነበበቻት። ወረቀቱን ከሐጅ ኢሳ እጅ ነጥቃ ልትቀደው ስትል፣ ዓይኗ ከገጹ መጨረሻ ለብቻው በተጻፈ መስመር ላይ አረፈና እጇ ቆመ።

«ይቺስ ምን ትላለች?» አለች።

ሐጅ ኢሳ አነበቡላት። እያንዳንዱ ወገን በቦዩ ያለውን ሥራ በጨረሰ ጊዜ ድርሻው የሆነውን ርዝመት በራሱ ወጪ ወዲያው ይደፍናል። የትኛው ርዝመት የማን እንደሆነ ይላል ወይ ብላ ጠየቀች። አይልም አሉ።

«እኛ ሥራችንን ጨርሰናል?»

«ምን ሥራ ነበራችሁ?»

«ምንም።»

ሐጅ ኢሳ ጺማቸውን አሻሹ። «እንግዲያው ጨርሳችኋል» አሉ፤ እንደ ፈራ ሰው በቀስታ።

ሉጥፊያ ሌላ አልተናገረችም። ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ልብስ የሚያጥቡበትን ሳፋ አነሣች፤ በሳንቃዋ ተሻግራ ከአፈሩ ክምር ላይ ዛቀችና ቦዩ ውስጥ ገለበጠችው። ዱብ አለ። ሁለተኛውን ገለበጠች። ሦስተኛውን ስትገለብጥ ምንዳዬ ድስት ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። «ንዴትሽ በሳፋ አያልቅም፣ ሂጂ አካፋ ፈልጊ» አለቻት።

አካፋ ከጎረቤት ግንባታ ተገኘ። የቀሩት ትሪ፣ ጀሪካን ቆርጦ የተሠራ መዛቂያ፣ አንዷ ደግሞ የመታጠቢያ ባልዲ ይዘው ወጡ። አራት ወር የሰው እግርና የከባድ መኪና ጎማ ያጠነከረው አፈር መጀመሪያ እምቢ አለ። እነሱ ግን ከአፈር ጋር አልነበረም ጠባቸው። እያንዳንዷ ሳፋ ስም ነበራት። ይቺ ለእመቤቴ፣ ይቺ ለደላላው፣ ይቺ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ መሳቢያው ውስጥ ለቆለፈው እያሉ ገለበጡ። ስም ሲያልቅባቸው ደገሙት። ቀትር ሲሆን የያለ ስኳር ቧንቧ ተዳፍኖ ከዓይን ጠፋ። ሐጅ ኢሳ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ነገሩን ሰምቶ ሊያይ የመጣው የመስጊድ ሰው መንገዱን ሞላው። ገሚሱ ሳቀ። ገሚሱ ያ ጉድጓድ ልጁን ጥሎበት፣ ባለ ሦስት እግር ራክሻውን ሰብሮበት የከረመ ነበርና ጀለቢያውን ሰብስቦ በእግሩ አፈሩን ገፋ። ከደጃፋቸው ጀምሮ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ተደልድሎ ሲያበቃ ሴቶቹ ወጡበትና በእግራቸው ይረግጡት ገቡ።

የሸሪካው ዘበኛ ደውሎ ኖሮ ያለ ስኳር በነጭ ጀለቢያ፣ ምሳው ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ፣ መኪናውን እያጓራ ደረሰ። ሁለቱ ሸሪካዎች ገመዳቸውን ሳያስገቡ ቦዩ ተዘጋ ማለት ገንዘባቸውን አይሰጡትም ማለት ነው፤ ከፍቶ እንዳያስገባቸው ደግሞ ደንቡ መንገድ አንዴ ብቻ ይቆፈራል ይላል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጮኸው። ማን ነው ያዘዛችሁ ሲል ሉጥፊያ ወደ ፊት ወጣች። ያለ ትሪው አላወቃትም።

ወረቀቱን ከነደረሰኙ ዘረጋችለት። አራተኛው ወገን መሆኗን፣ ሥራዋን መጨረሷን፣ ድርሻዋን በራሷ ወጪ መድፈኗን በዓረብኛ፣ ለመስጊዱ ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ ነገረችው። አንድ ሽማግሌ ማኅተሙን ተመልክቶ እውነቷን ነው አለ። ሰው ሳቀ። ያለ ስኳርን ያሳበደው ሳቁ ነው።

«እናንተ የሰው ሽንት ቤት የምታጥቡ!» አለ። «እናንተ ናችሁ ወገን? በዚህ ቦይ ውስጥ ምንም የላችሁም! ምንም!» ወረቀቱን ነጠቃት፤ ለሁለት፣ ለአራት ቀደደው፤ ደረሰኙንም ደገመው፤ ገና ባልጠነከረው አፈር ላይ በተነው።

ሉጥፊያ በጥፊ ልትለው እጇን አንሥታ ነበር። ምንዳዬ ያዘቻት። ከዚያ ያች ለዘብተኛ ሴት በአሥራ አራት ዓመት ካርቱም ውስጥ የተማረችውን ዓረብኛ ሁሉ ሰብስባ፣ እንደ ዳኛ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ያ ጀማዓ፣ ሰውዬው ያለውን ሰማችሁ? በዚህ ቦይ ምንም የለንም አለ?»

«ሰማን» አሉ ሐጅ ኢሳ፤ የሁሉንም ድምፅ ቀድመው።

«ዕዳም የለብንም ማለት ነው?»

«ምንም ማለት ምንም ነው» አለ ማኅተሙን ያየው ሽማግሌ። «ወላሂ እመሰክራለሁ።» ከኋላው ያለውም ሰው እመሰክራለሁ፣ እመሰክራለሁ አለ። ያለ ስኳር በእግሩ ሥር የተበተነውን ወረቀት አየ። ሊለቅም ጎንበስ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየው መሆኑን አስተዋለና ቀና አለ። መልሶ ሊከፍተው እንደማይችል የሚያውቀውን አፈር አንድ ጊዜ ረግጦ ስልኩን አወጣ።

ለኡስታዝ ተውፊቅ ነው የደወለው። ጥቂት ጮኸ፣ ጥቂት አዳመጠ፣ ከዚያ ስልኩን ለሉጥፊያ አቀበላት፤ በፊቱ ላይ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስታ ታየ። ኡስታዝ ተውፊቅ አልጮኸም። እንደ ወትሮው ጨዋ ነበር። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ፣ ልብሷን ሾፌሩ እንደሚያመጣላት፣ ኢቃማዋ በእሱ ስም ስለሆነ በወር ውስጥ ሌላ ዋስ እንድትፈልግ፣ ቤተሰቡም በጣም እንዳዘነ ነገራት። ስድስት ዓመት በሦስት ደቂቃ አለቀ። ስልኩን መለሰች። የሰውየውን ፊት አላየችውም።

ሐጅ ኢሳ ቁልፉን አልጠየቁም። ሳንቃዋን አነሡና በጎናቸው ይዘው ሄዱ፤ ለፍየሎቻቸው በረት ትሆናለች ብለው። ሰው ተበተነ። ሴቶቹ እግራቸው አፈር እንደሆነ ገቡ። ማንም ማንንም አያይም። ሁሉም ተመልሰው ወደየአሠሪዎቻቸው ሊሄዱ ነው፤ አንዷ ግን የምትሄድበት የላትም፤ ይህን ለመናገር ማንም አልደፈረም። በመጨረሻ ራሔል ጀመረች። እትዬ ሉጥፊያ ሥራ እስክታገኝ እዚሁ ትሁን፣ ከኪራይም ምንም አትክፈል፣ እኛ እንከፍልላታለን አለች። ሌሎቹም አዎን፣ አዎን፣ ምን አላት ብለው ተቀበሏት።

ሉጥፊያ ያን ቀን ከተናደደችው ሁሉ በላይ ያኔ ተናደደች። ፊቷ ጠቆረ።

«ማን እዘኑልኝ አላችሁ?» አለች። «እናንተ አንድ ቀን ታድሩባታላችሁ። እኔ ሰባት ቀን ላድርባት ነው። ሰባት ቀን ስንት ነው? ድርሻዬን ንገሩኝ።»

ራሔል አንገቷን ደፋች። ምንዳዬ ግን ከፍራሹ ሥር ደብተሩን አወጣች፤ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሏት መዳፏ ላይ ሞከረችው። ጥቂት አሰላች። ቅናሽ አላደረገችላትም፤ ቁጥሩን እንዳለ ነገረቻት። ከባድ ቁጥር ነበር።

ሉጥፊያ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ የእግሯን አፈር እያራገፈች አዳመጠች።

«መብራቱን ረስተሻል» አለች። «እሱንም ጨምሪበት።»